ማሽኑ «ምንም የለም» ሲል፦ ስለ አንጎል፣ ነርቭና ጡንቻ ምርመራ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ይህ ነው፦

«ዶክተር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምንኖረው አራት ኪሎ ነው። እህቴ 16 ዓመቷ ነው። በአምስት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ራሷን ስታ ወድቃለች። ሁለቱም ጊዜ ጠዋት ነው፤ ሁለተኛው የፈተና ሰሞን ነበር። ሰውነቷ ተገታትሮ ተንቀጠቀጠች፣ ምላሷንም ነከሰች። ኢኢጂ የሚባለውን የጭንቅላት ምርመራ አስደረግንላት፤ ውጤቱ ኖርማል ነው ተባለ። ሐኪሙ ግን መድኃኒት ጀመረላት። አክስቴ ‹ማሽኑ ምንም የለም እያለ መድኃኒቱ ለምንድን ነው? ተዉትና ጸበል ውሰዷት› እያለች ነው። አባቴ ደግሞ 56 ዓመቱ ነው፤ ፒያሳ ወርቅ ሠሪ ነው። ቀኝ እጁ ሌሊት እየደነዘዘ እንቅልፍ ነስቶታል። ለእሱም የነርቭ ምርመራ ታዘዘለት። ጎረቤታችን ‹በኮረንቲ ነው የሚመረምሩት፣ ነርቭ ያደርቃል፤ ይልቅ የአንገት ኤምአርአይ ተነሳ› ስላሉት ፈርቶ ቁጭ ብሏል። ጥያቄዬ አንድ ነው፤ እነዚህ ማሽኖች ይታመናሉ ወይ? እህቴ ሰሞኑን ደግሞ ጠዋት ጠዋት ሲኒና ብርጭቆ ከእጇ ይወድቅባታል። እናቴ ግድየለሽ ሆነሻል እያለች ትቆጣታለች። ጭንቀት ይሆን?»

እህቴ፣ ደህና ሰንብቻለሁ፣ እግዜር ይመስገን። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ብዙ ሰው እንደሚያደርገው አንቺም ዋናውን ነገር መጨረሻ ላይ ነው የጻፍሽው። የሲኒውን ነገር ማለቴ ነው። እሱን ለብቻው አነሳዋለሁ። መጀመሪያ አጭሩን መልስ ልስጥሽ።

ማሽኖቹ ይታመናሉ። የሚመልሱት ግን የተጠየቁትን ብቻ ነው። የደም ስኳር ብታስለኪ ቁጥሩ ለብቻው ይናገራል። የአንጎልና የነርቭ ምርመራ እንደዚያ አይደለም። ታማሚው ምን ሆነ፣ መቼ ሆነ፣ ማን አየው ከሚለው ታሪክ ጋር ካልተነበበ ወረቀቱ ዝም ይላል። አንዳንዴም ያሳስታል። ስለዚህ «ኖርማል» የሚለውን ቃል ስታዪ መጠየቅ ያለብሽ «ማሽኑ የተጠየቀው ምን ነበር?» ብለሽ ነው።

ጎረቤታችሁ ያነሱት የኤምአርአይ ነገርም እዚሁ ላይ ነው የሚፈታው። ኤምአርአይና ሲቲ ስካን ፎቶ ናቸው። ቅርጽ ያሳያሉ። ኢኢጂና የነርቭ ምርመራ ግን የሚያዩት ሥራን ነው። ቤታችሁ አምፖል አልበራ ቢል የግድግዳው ፎቶ የሚነግርሽ ነገር ሊኖር ይችላል፤ ግድግዳው ተሰንጥቆ ሽቦውን በጥሶት ይሆናል። መብራቱ በሽቦው ውስጥ መሄዱንና አለመሄዱን የሚያውቀው ግን ቴስተር የያዘው ሰው ነው። እኔ በየቀኑ የምሠራው የቴስተሩን ሥራ ነው።

ከእህትሽ ልጀምር።

በኢኢጂ ወደ ጭንቅላት የሚላክ ምንም ነገር የለም። ይህን ደጋግሜ እናገራለሁ፤ ብዙ እናቶች «ልጄን ኮረንቲ ልታስይዙብኝ ነው» እያሉ ስለሚያለቅሱ። ባለሙያዋ ጭንቅላቱን በሜትር ትለካለች፣ በእርሳስ ምልክት ታደርጋለች፣ ከዚያ ወደ 20 የሚሆኑ ትናንሽ ብረቶችን በወፍራም ቅባት ትለጥፋለች። ብረቶቹ የሚያደርጉት ማዳመጥ ብቻ ነው። የሚያዳምጡት ድምፅ ደግሞ በጣም ትንሽ ነው። አንዲት የሪሞት ባትሪ 1.5 ቮልት ትሰጣለች። ከጭንቅላት ቆዳ ላይ የምንቀዳው የተለመደ ሞገድ ከዚያ 30,000 ጊዜ ያህል ያንሳል።

ጀርመናዊው ሐኪም ሃንስ በርገር የና በምትባል ከተማ ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰው ላይ የቀዳው እ.ኤ.አ. በ1924 ነው። እስኪያምንበት አምስት ዓመት ያዘውና በ1929 አሳተመው። ያኔ ያየውን ሞገድ ዛሬም በየቀኑ እናየዋለን። ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ሲረጋጋ ከጭንቅላቱ ኋላ በኩል በሰከንድ ከ8 እስከ 13 ጊዜ የሚወዛወዝ ለስላሳ ሞገድ ይመጣል። «ዓይንሽን ግለጪ» ሲባል ወዲያው ይጠፋል። «ጨፍኚ» ሲባል ይመለሳል። ስንት ዓመት አይቼው አሁንም ባየሁት ቁጥር ይገርመኛል።

ታዲያ ኖርማል ኢኢጂ ምን ማለት ነው? የተለመደው ምርመራ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ነው የሚወስደው። በእነዚያ ደቂቃዎች ውስጥ የሚጥል በሽታ ምልክት የሆነው ሹል ሞገድ አልታየም ማለት ነው። ሌላ ምንም ማለት አይደለም። አንቺ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ሜክሲኮ አደባባይ ሃያ ደቂቃ ቆመሽ የታክሲ ሰልፍ ባታዪ «ሜክሲኮ ሰልፍ የለም» ትያለሽ? ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ያልቆመ ሰው ነው እንደዚያ የሚለው። የሚጥል በሽታ በእርግጥ ካለባቸው ሰዎች ውስጥ በመጀመሪያው ኢኢጂ ምልክቱ የሚያዘው በግማሾቹ ገደማ ላይ ነው። ሲደጋገምና በእንቅልፍ ሲቀዳ ወደ 80 በመቶ ይደርሳል። ከዚያም በኋላ ኢኢጂያቸው ምንም የማያሳይ ሕሙማን አሉ።

የተገላቢጦሹም አለ። ወድቀው የማያውቁ ጤነኛ ጎልማሶች ላይ፣ ከ1,000 ሰው 5 ያህሉ ላይ፣ ይኸው ሹል ሞገድ ይገኛል። ለእነሱ መድኃኒት አይሰጥም። የምናክመው ሰውን ነው እንጂ ወረቀትን አይደለም።

ስለዚህ ሐኪሙ መድኃኒት የጀመረላት ማሽኑን ንቆ አይደለም። ሁለት ጊዜ ወድቃለች። ተገታትራለች፣ ተንቀጥቅጣለች፣ ምላሷን ነክሳለች። ይህን ያየ ሰው አለ። የሚጥል በሽታ በዋናነት የሚታወቀው ከዚህ ታሪክ ነው። ኢኢጂው የሚያግዘው የትኛው ዓይነት እንደሆነ ለመለየት ነው።

አሁን ወደ ሲኒው።

እህትሽን እኔ አላየኋትም፤ ከሩቅ ሆኜ ይህ ነው ብዬ አልፈርድም። ነገር ግን የ16 ዓመት ልጅ፣ ጠዋት ጠዋት፣ እንቅልፍ ባጣችበት ሰሞን የምትወድቅ፣ ከእንቅልፏ ከተነሳች በኋላ ደግሞ ዕቃ ከእጇ የሚያመልጣት ከሆነች፣ ማንም የነርቭ ሐኪም ጆሮውን ያቆማል። ከ12 እስከ 18 ዓመት ባለው ዕድሜ የሚጀምር አንድ የሚጥል በሽታ ዓይነት አለ። ጠዋት ከእንቅልፍ እንደተነሱ እጅ ድንገት ፈንጠር ይላል። ልክ እንደ መደንገጥ ነው፤ ለቅጽበት ብቻ። ሰውየው ራሱን አይስትም። ሲኒው ይወድቃል፣ ጥርስ ብሩሹ ይበራል፣ ሻዩ ይደፋል። ቤተሰብ «ግድየለሽ» ይላል። ልጅቷም ግድየለሽ የሆነች ይመስላታል። ለሐኪም ማንም አይነግርም፤ በሽታ መሆኑን የጠረጠረ የለማ።

ይህን ማወቁ ለምን እንዲህ ያስጨንቀኛል? የመድኃኒቱን ምርጫ ስለሚቀይረው ነው። ለሌላ ዓይነት የሚጥል በሽታ ጥሩ የሆኑ መድኃኒቶች፣ ለምሳሌ ካርባማዜፒንና ፌኒቶይን፣ ይህን መፈናጠር ሊያባብሱት ይችላሉ። በደንብ የሚያቆመው ቫልፕሮኤት ደግሞ በእርግዝና ጊዜ ጽንሱን ሊጎዳ ስለሚችል ለሴት ልጅ ሲታዘዝ ብዙ መታሰብ አለበት። ሌሎች አማራጮች አሉ። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ሐኪሙ ጋር ተመለሱና የሲኒውን ነገር ንገሩት። እናትሽ ራሳቸው ሄደው ያዩትን ቢናገሩ ይሻላል። እስከዚያ የጀመረችውን መድኃኒት በራሳችሁ አታቋርጡ። በድንገት የተቋረጠ መድኃኒት ራሱ ይጥላል፣ አንዳንዴም እስከማይቆም ድረስ ያንቀጠቅጣል።

ስልካችሁንም ተጠቀሙበት። ጠዋት ቁርስ ስትበላ ለጥቂት ቀናት በቪዲዮ ቅረጿት። ለእሷ ነግራችኋት፣ ፈቃዷን ጠይቃችሁ። ከቻላችሁ ስትወድቅም አንዱ ይቅረጽ፣ ሌላው በጎን ያስተኛት። ከብዙ ኢኢጂ ይልቅ አንድ የሠላሳ ሰከንድ ቪዲዮ ነገሩን የፈታልኝ ጊዜ ብዙ ነው።

ሐኪሙ ኢኢጂው ይደገም ካለ፣ ምናልባት እንቅልፍ አጥታ እንድትመጣ ያዝዝ ይሆናል። እንቅልፍ ያጣ አንጎል የደበቀውን ያወጣል። ስለዚህ ሌሊቱን አብራችኋት ታመሻላችሁ፤ ብቻዋን አትተዉአት። ጠዋት ቡና አትጠጣ። ቁርሷን ግን ትብላ። ይህን የምለው እዚህ አገር ሰው ምርመራ ሲባል ባዶ ሆድ መምጣት ይመስለዋል። ለኢኢጂ ባዶ ሆድ መጥፎ ነው፤ የደም ስኳር ሲወርድ ሞገዱ ራሱ ይዘባረቃል። ጾም ላይ ከሆነች አስቀድማችሁ ንገሩን፣ ሰዓቱን እናመቻቻለን። መድኃኒቷን እንደወትሮው ትዋጥ፤ ሐኪሙ ካላለ በስተቀር።

ጸጉሯን ማታውኑ በሳሙና ትታጠብ። ሹሩባ ካላት ይፈታ። ዊግም ሆነ ተሰፍቶ የተያያዘ ሂውማን ሄር ካለ ይውለቅ። ከሁሉም በላይ ቅቤ አይቀባ። ለበዓል ማግስት ቀጠሮ የያዙ ልጆች ጸጉራቸው በቅቤ ርሶ ይመጣሉ፤ ያምራል፣ ይሸታልም፣ ግን ብረቱ ይንሸራተታል። ብረቱ ቆዳውን በደንብ ካልያዘ የአንጎሉን ትቶ የግድግዳውን መብራት ይቀዳል። የእኛ አገር መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። ያ ሞገድ በወረቀቱ ላይ ሲመጣ ወፍራም ጥቁር መስመር ሆኖ ሁሉንም ይሸፍነዋል። ልጅቷ ከደብረ ብርሃን ድረስ መጥታ ከሆነ ደግሞ ልብ ይሰብራል።

በምርመራው መሃል ሦስት ደቂቃ ያህል በጥልቀት ቶሎ ቶሎ እንድትተነፍስ ይነገራታል። ከንፈሯና ጣቷ ትንሽ ይቆነጥጣታል፣ ያልፋል። ብልጭ ድርግም የሚል መብራትም ይበራባታል። ሁለቱም የተደበቀውን ሞገድ ለመቀስቀስ ናቸው። ሆን ብለን ነው፤ በዚያ ክፍል ውስጥ ብትወድቅ አጠገቧ ሰው አለ።

አክስትሽን በተመለከተ። እሳቸው የተናገሩት ከፍቅር ነው። ጸበሉን ማንም አይከለክላትም። እኔ ጋ የሚመጡ ብዙ ሕሙማን ጸበልም ይሄዳሉ፣ መድኃኒታቸውንም ይውጣሉ። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፤ መድኃኒቱን ይዛ ትሂድ። ከሃይማኖት አባቶች ውስጥም ይህንኑ የሚመክሩ አሉ። ደግሞ ብቻችሁን አይደላችሁም። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት ዞረው ባጠኑትና እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ሥራ ከ1,000 ሰው 5 ያህሉ የሚጥል በሽታ እንዳለበት አግኝተዋል። በየቀበሌው፣ በየትምህርት ቤቱ አለ ማለት ነው። ሰው ደብቆት ነው እንጂ።

ስትወድቅ ክብሪት ጭሮ ማሽተት ይቅር። አይጠቅማትም፣ ሊያቃጥላትም ይችላል። አፏ ውስጥ ማንኪያ አታስገቡ፣ ውሃ አታጠጧት። በጎኗ አስተኟት፣ ሰዓት ያዙ። አምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ሐኪም ቤት ሩጡ።

አሁን ወደ አባትሽ እንምጣ። እሳቸው የፈሩት ምርመራ ሁለት ነው፤ በአንድ ቀን ስለሚሠሩ ሰው ሁሉ ኢኤምጂ ብሎ ይጠራቸዋል። የመጀመሪያው ነርቩ መልእክት ምን ያህል በፍጥነት እንደሚያደርስ ይለካል። ሁለተኛው ቀጭን መርፌ ጡንቻ ውስጥ አስገብቶ ያዳምጣል።

በመጀመሪያው ኮረንቲ አለ፤ አልዋሽሽም። ግን የሚቆየው ከአንድ ሚሊ ሰከንድ፣ ማለትም ከሰከንድ አንድ ሺሕኛ፣ ያነሰ ነው፤ ብዙ ጊዜ 0.1 ወይም 0.2 ሚሊ ሰከንድ። በደረቅ ቀን የሱፍ ሹራብ ስታወልቂ የሚቆነጥጥሽን ታውቂው የለ? ከእሱ ጠንከር ይላል። ደስ አይልም፣ ጣት ብርግግ ይላል፣ ወዲያው ያበቃል። ነርቭ አያደርቅም። ነርቭ ሲፈጠርም ሥራው ኤሌክትሪክ ማስተላለፍ ነው። ልብ ላይ የተተከለ ማሽን ያለው ሰው ግን አስቀድሞ መናገር አለበት።

ነርቭን እንደ መብራት ሽቦ አስቢው። መሃሉ መዳብ ነው፣ ላዩ ላስቲክ ነው። ላስቲኩ ሲላጥ መልእክቱ ይዘገያል። መዳቡ ሲበጠስ ፍጥነቱ ብዙም ሳይለወጥ የሚደርሰው ያንሳል። ውጤቱ ላይ «ዲማየሊኔቲንግ» የሚል ካያችሁ የላስቲኩ ነው፣ «አክሶናል» ከሆነ የመዳቡ። ላስቲክ ከመዳብ ይልቅ ቶሎ ይጠገናል። ለዚህ ነው ልዩነቱ ለእኛ ትልቅ ቁም ነገር የሆነው።

በጤነኛ እጅ መልእክቱ በሰከንድ 50 ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይሄዳል። በሰዓት 180 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ከእጅ አንጓ እስከ ጣት 14 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ሦስት ሚሊ ሰከንድ እንኳ ሳይሞላ ይደርሳል።

እሳቸው ላይ የምጠረጥረው አንጓ ላይ ያለችውን ጠባብ መተላለፊያ ነው። አንድ ዋና ነርቭ ከዘጠኝ ጅማቶች ጋር ተጣቦ በዚያች ያልፋል። ለአውራ ጣት፣ ለሌባ ጣት፣ ለመሃል ጣትና ለቀለበት ጣት ግማሽ ስሜት የሚሰጠው እሱ ነው። ትንሿን ጣት አይነካም። ስለዚህ ዛሬ ማታ ጠይቂልኝ፤ ትንሿ ጣትዎም ይደነዝዛል ወይ? ሌሊት ሲነሱ እጃቸውን እንደ ቴርሞሜትር ያራግፉታል ወይ? አዎ ካሉ ነገሩ ወደዚያው ይሄዳል። ዕድሜ ልካቸውን ጉጠት ጨብጠው፣ አንጓቸውን አጥፈው ወርቅ ሲያቀልጡና ሲቀጠቅጡ የኖሩ ሰው ናቸው። በዚህ በሽታ የሚመጡ ብዙ ባለሙያዎች አሉ፤ ልብስ ሰፊዎች፣ ጸጉር ሠሪዎች፣ ቀኑን ሙሉ እንጀራ የሚጋግሩ ሴቶች።

እዚህ ላይ ደስ የሚለኝን አንድ ምርመራ ላሳይሽ። የቀለበት ጣት ልዩ ነው፤ ግማሹን አንድ ነርቭ፣ ግማሹን ሌላ ነርቭ ይመግበዋል። አንደኛው በጠባቧ መተላለፊያ ያልፋል፣ ሌላኛው በውጭ በኩል ነው። ስለዚህ ጣታቸው ላይ ቀለበት የመሰለች ሽቦ አጠልቅና አንጓቸው ላይ ሁለቱን ነርቮች በየተራ፣ ከእኩል ርቀት በኮረንቲ እነካለሁ። ሁለቱ መልእክቶች እኩል መድረስ አለባቸው። በመተላለፊያዋ የሚያልፈው ከግማሽ ሚሊ ሰከንድ በላይ ከዘገየ ነርቩ እዚያች ቦታ ታንቋል። የራሳቸው ጣት ከራሳቸው ጣት ጋር ነው የሚወዳደረው። ዕድሜ፣ ቁመት፣ ብርድ የሚሉ ሰበቦች አይሠሩም።

ብርድ ካልኩ አይቀር። ጀማሪ ሳለሁ አንዲት ጉልት የሚቸረችሩ እናት ሐምሌ ላይ በጠዋት መጡ። ዝናብ ሲመታቸው አድረው እጃቸው እንደ በረዶ ነበር። ለካሁ፤ ፍጥነቱ በሰከንድ ከ40 ሜትር በታች ወረደ። የነርቭ ጉዳት ብዬ ልጽፍ እርሳሴን አነሳሁ። አስተማሪዬ ገባና ምንም ሳይለኝ እጃቸውን ያዘ። ከዚያ ሙቅ ውሃ በሳፋ አስመጣ። ሩብ ሰዓት እጃቸውን ነክረው ተቀመጡ። እንደገና ስለካ ነርቩ ጤነኛ ነው። ቆዳ በአንድ ዲግሪ በቀዘቀዘ ቁጥር ፍጥነቱ በሰከንድ 2 ሜትር ያህል ይቀንሳል። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በተቀመጠች ከተማ ይህን መርሳት አይቻልም። ከዚያን ቀን ወዲህ ማንንም ከመለካቴ በፊት እጅ እጨብጣለሁ። አባትሽ ጓንት አድርገው ይምጡ፣ እጃቸውም ቢቀዘቅዝ «አሙቁልኝ» ይበሉ። መብታቸው ነው።

መርፌው ላይ ብዙ ሰው ይፈራል። መድኃኒት የለውም፣ ቀጭን ነው፣ ለአንድ ሰው ተጠቅመን የምንጥለው ነው። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት፣ ለምሳሌ ዋርፋሪን፣ የሚወስዱ ከሆነ ይናገሩ። መርፌው ከድምፅ ማጉያ ጋር የተያያዘ ነው። ጤነኛ ጡንቻ ዘና ሲል ዝም ይላል። ነርቩ የተቋረጠበት ጡንቻ ግን ዝም አይልም። ጭር ባለው ክፍል ውስጥ ካፊያ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲወርድ የሚሰማው ድምፅ ይመጣል። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብጠብ። መጀመሪያ የሰማሁ ዕለት መስኮቱን ቀና ብዬ አይቻለሁ። ባለቤት ያጣ ጡንቻ ለብቻው ሲንቀጠቀጥ ነው እንደዚያ የሚሰማው። ይህ ድምፅ ነርቭ ከተጎዳ በኋላ እስኪመጣ ሁለትና ሦስት ሳምንት ይፈጃል። በመኪና አደጋ እጁ የዛለ ሰው በሦስተኛው ቀን መጥቶ «ምንም የለም» ቢባል ማሽኑ አልተሳሳተም፤ ቀኑ ነው ያልደረሰው።

የአንገት ኤምአርአዩን አሁን አልመክርም። በ56 ዓመት ዕድሜ አንገት ብታነሺ ዲስክ ወጣ ብሎ ማየት የተለመደ ነው፤ ምንም የማያማቸው ሰዎች ላይም አለ። ከዚያ «ዲስክ አለብህ» ይባላል፣ ሰውየው አንገቱ ላይ ድጋፍ ያስራል፣ እጁ ግን ሌሊት መደንዘዙን ይቀጥላል። ፊልሙን በፌስታል ይዘው ከቢሮ ቢሮ የሚዞሩ ሰዎች ሳይ ያመኛል። በመጀመሪያ ሐኪም እጁን ይመርምር፣ ከዚያ የነርቭ ምርመራው ይሠራ። ችግሩ ከአንገት ሥር ከሆነ መርፌው ብዙ ጊዜ ይጠቁማል፤ ያኔ ኤምአርአይ ትክክለኛ ጥያቄ ይዞ ይነሳል።

ከዚሁ ጎን ስኳርና የእንቅርት ዕጢ ሆርሞን በደም ይታይላቸው። ሁለቱም አንጓ ላይ ያለውን ነርቭ ለመታነቅ ያመቻቹታል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የወሰዱበት ጊዜ ካለም ይናገሩ፤ አይሶናያዚድ ቫይታሚን ቢ6 ካልተጨመረለት ነርቭ ያደነዝዛል። እኔ በልማድ ክርን ላይ ያለውን ነርቭ በጣቴ እዳስሳለሁ። የሥጋ ደዌ ነርቭ ያወፍራል፣ አገራችንም ገና አልጠፋም። በ1965 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የሥጋ ደዌ ሕክምና ማዕከል አለርት እዚሁ ከተማችን ውስጥ ያለው በከንቱ አይደለም።

ይህ ምርመራ የማያየውንም ልንገርሽ። የሚለካው ወፋፍራም ነርቮችን ነው። ሙቀትና ሕመም የሚያስተላልፉት ቀጫጭኖቹ ብቻ ሲጎዱ እግር በእሳት ይቃጠላል፣ ወረቀቱ ግን ኖርማል ይላል። ብዙ የስኳር ሕሙማን «ሕመሜን አላመኑኝም» ብለው የሚያዝኑት በዚህ ነው። በጓያ ምክንያት እግራቸው የተገታተረ ሰዎችም እንዲሁ ናቸው፤ ጉዳቱ ከአንጎል ወደ ታች በሚወርደው መስመር ላይ ስለሆነ እግር ላይ ያለው ነርቭ ሲለካ ብዙ ጊዜ ደህና ነው። ማታ ማታ የዓይኑ ቆብ የሚወርድበት፣ ሲያወራ ድምፁ የሚደክምበት ሰው ደግሞ ሌላ ምርመራ አለው። ነርቩ በሰከንድ ሦስት ጊዜ ተደጋግሞ ይነካና ጡንቻው እየደከመ መሄዱ ይታያል። የተለመደውን ብቻ ብንሠራለት ልናልፈው እንችላለን።

የአባትሽ ምርመራ እንደየሁኔታው ከሠላሳ ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይወስዳል። ያን ዕለት እጃቸው ላይ ሎሽንም ቅባትም አይኑር። የእጅ ሰዓታቸውንና ቀለበታቸውን ቤት ይተዉ። ውጤቱ አንጓ ላይ ታንቋል ካለና ቀላል ከሆነ ሌሊት አንጓን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ ብቻውን ብዙ ሰው አሳርፏል። ካልሆነ የመድኃኒት መርፌ፣ ከዚያም ትንሽ ቀዶ ሕክምና አለ። የአውራ ጣታቸው ሥር ያለው ሥጋ ከሟሸሸ ግን አይጠብቁ፤ የሟሸሸ ጡንቻ ቶሎ አይመለስም፣ የእሳቸው እንጀራ ደግሞ በዚያ ጣት ነው።

እህትሽ እስከ ቀጠሮዋ ድረስ ገላዋን ስትታጠብ በሩን ከውስጥ አትቆልፍ። ከሰል ምድጃ አጠገብ ብቻዋን አትቀመጥ። ቡናውን ጠዋት ሌላ ሰው ይቅዳ። በፈተና ሰሞን ደግሞ ማታ አራት ሰዓት ሲሆን ደብተሯን ተቀብላችሁ መብራቱን አጥፉላት።